አያቴ ስድስት ልጅ ወልደው «ቤተ ደናግል» ገቡ፤ ቃሉ ምን ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «አያቴ ስድስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተው ገዳም ገቡ፤ እዚያው ኖረው እዚያው አረፉ። አሁን ለሙት ዓመታቸው የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። የገዳሙ ስም ውስጥ ‹ቤተ ደናግል› የሚል አለ። አጎቴ ‹ስድስት ልጅ የወለደች ሴት እንዴት ደናግል ትባላለች? ሰው ይስቅብናል፣ አውጪው› አለኝ። እኔ ግን ቃሉን መሰረዝ ከበደኝ። ‹ደናግል› በትክክል ምን ማለት ነው? ላሊበላ ካለው ቤተ ደናግል ጋርስ ይገናኛል? የገዳሙ እናት ደግሞ ‹እመ ምኔት› ይባላሉ። አጎቴ ‹ምኔት› ከመመነን የመጣ ነው ይላል። እውነት ነው? ውጭ ላሉት የልጅ ልጆች በእንግሊዝኛም ስለምናዘጋጅ የትኛውን ቃል እንጠቀም?»

ምላሽ፦ አይሰርዙት። አጎትዎን የረበሻቸው ነገር የሚገባ ነው። ግን የቤቱን ስም የእያንዳንዷ ነዋሪ መግለጫ አድርገው ነው የወሰዱት። ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚኖር ሁሉ ንጉሥ አይደለም። ቤተ ደናግልም እንደዚያው ነው፤ ስሙ የቤቱ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ደናግል» የግዕዝ ብዙ ቁጥር ነው። ነጠላው «ድንግል» ነው። ዛሬ በአማርኛ «ድንግል» ሲባል ጆሯችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሁለት ነገር ነው፤ ወደ እመቤታችንና ወደ ሴት ልጅ የአካል ሁኔታ። ግዕዙ ግን ከዚያ ይሰፋል። ለወንድም ይነገራል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 14 ቁጥር 4 ላይ «ድንግሎች» የተባሉት ከሴቶች ጋር ያልረከሱ ወንዶች ናቸው። ከዚያም አልፎ ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥2 የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች በሙሉ እንደ ንጽሕት ድንግል ለአንድ ወንድ፣ ለክርስቶስ፣ እንዳጫቸው ይናገራል። ከነዚያ መካከል ባል ያላቸውም፣ ሚስት ያላቸውም፣ ልጅ የወለዱም ነበሩ። ጳውሎስ ስለ አካል አይደለም የሚያወራው። ለአንድ ብቻ ስለተሰጠ ልብ ነው።

አሁን «ቤተ ደናግል» የሚለው ጥምር ስያሜ ከየት መጣ? ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የምንኩስና ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጀመረው ከግብፁ አባ እንጦንስ ነው። ወጣት ሳለ ወላጆቹ ሞቱበት። ያለችው አንዲት ታናሽ እህት ናት። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ቃል ሲነበብ ሰማ። ንብረቱን ሰጠና ወደ ብሕትውና ሄደ። እህቱስ? ታሪኩን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚለው፣ ለታወቁና ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት። ይሄን ዐረፍተ ነገር ቆም ብለው ይዩት። ጊዜው 3ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ ገና በረሃ አልገባም። ሴቶቹ ግን አብረው እየኖሩ ነበር፤ ያውም የሰው ልጅ አደራ ለመቀበል እስኪታመኑ ድረስ። እኔ ይሄን ለተማሪዎች ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። የሴቶች ማኅበር ከወንዶቹ ገዳም ተቀድቶ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የእንጦንስ እህት ታሪክ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል።

እንዲህ ያለውን ቤት የግሪክ ክርስቲያኖች «ፓርቴኖን» ይሉት ነበር። «ፓርቴኖስ» ድንግል ማለት ነው፤ «ፓርቴኖን» የደናግል ቤት። አቴና ያለው የታወቀው የጥንት ቤተ ጣዖትም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የእኛ «ቤተ ደናግል» ቃል በቃል ያንኑ ይላል። ስለዚህ ይህን ስም የያዘ ገዳም የያዘው በጣም አሮጌ ስም ነው። በኋላ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጳኩሚስ በላይኛው ግብፅ የማኅበር ኑሮን በሥርዓት ሲያደራጅ፣ እህቱ ማርያም ደግሞ የሴቶቹን ቤት መራች። ቤቱ ሥርዓት ያለው ገዳም ሆነ። የደናግልነት ስሙ ግን አልለቀቀም።

ወደ አጎትዎ ጥያቄ እንመለስ። ባል የሞተባትና ልጆች ያሳደገች ሴት እዚህ ቤት ምን ትሠራለች? መልሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረች ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥9 ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያላነሰ መበለቶች በመዝገብ እንዲጻፉ ያዛል። መበለቶቹ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ክፍል ነበሩ ማለት ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አግናጥዮስ፣ እኛ ምጥው ለአንበሳ የምንለው፣ ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት «መበለታት የሚባሉትን ደናግል» ሰላም ይላል። ያላገቡት ከመበለቶቹ ጋር ተቆጥረው በእነሱ ስም ተጠሩ። ዛሬ ደግሞ መበለቶቹ ደናግል በሚባለው ቤት ይኖራሉ። ሁለቱ ስሞች ከጥንት ጀምሮ ሲወራረሱ የኖሩ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ለአያትዎ ትክክለኛ ቃል አላት፤ «መዓስብ»፣ ሲበዛ «መዓስባን»። አግብቶ የነበረና ከዚያ በኋላ በንጽሕና ለመኖር የወሰነ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ምእመናንን «ደናግል፣ መዓስባን፣ ሕጋውያን» ብለው ሲቆጥሩ ይሰማሉ። ሕጋውያን በትዳር ያሉት ናቸው። አያትዎ በዚህ አቆጣጠር መዓስብ ናቸው፤ የኖሩበት ቤት ቤተ ደናግል ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

እንዲያውም አገራችን ውስጥ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው የሴት መነኮሳይያት እናቶች እነማን እንደሆኑ ለአጎትዎ ያስታውሷቸው። ወለተ ጴጥሮስ ከ1592 እስከ 1642 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖረች ናት። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ልጆች ወልዳ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ንጉሡ የካቶሊክ እምነት ሲቀበል ባሏን ትታ መነኮሰች። ከዚያ ስደት፣ እስር፣ መከራ ነው። በየሄደችበት ሰው እየተከተላት በጣና ዙሪያና ከዚያም ራቅ ብሎ ማኅበራት መሠረተች። ገድሏ የተጻፈው ከሞተች 30 ዓመት በኋላ ነው። ክርስቶስ ሠምራም እንዲሁ ናት፤ ባልና ልጆች ነበሯት፤ ከዚያ መንኩሳ ጣና ላይ ጓንጉት ላይ ተጋደለች፣ ዛሬም ገዳሟ እዚያው አለ። እነዚህ እናቶች ናቸው። ወልደዋል። ማንም በእነሱ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም።

የላሊበላው ቤተ ደናግል ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱ። በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ቆመው ወደ ደቡቡ ግድግዳ ቢያዩ፣ ዓለቱ ውስጥ የተፈለፈለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከትልቋ ቤተ ማርያም አጠገብ ብዙ ጎብኚ ሳያያት ያልፋል። ቤተ ደናግል የምትባለው እሷ ናት። ስሟ መነኮሳይያት ይኖሩባት ስለነበር የወጣ አይደለም። በትውፊት የሚነገረው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በሮማው ንጉሥ በከሐዲው ዩልያኖስ ዘመን በሰማዕትነት ላረፉ ደናግል መታሰቢያ ናት። እዚያ «ቤተ» ማለት እንደ «ቤተ ማርያም»፣ እንደ «ቤተ ጊዮርጊስ» ነው፤ በስማቸው የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን። የአያትዎ ቤተ ደናግል ደግሞ የሚኖሩበት፣ የሚያድሩበት፣ የሚጾሙበት ቤት ነው። በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሁለቱን አንድ አድርገው አይጻፉ።

ከስሙ ጋር ተያይዞ ሌላም የሚያሳስት ቃል አለ። ሰበታ ያለው የሴቶች ገዳም «ቤተ ደናግል ጠባባት» ይባላል። አንድ ተማሪ «ጠባብ መንገድ ስለመረጡ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ ግን አይደለም። በግዕዝ «ጠባባት» ጥበበኞች፣ ብልኆች ማለት ነው፤ ለሴቶች ብዙ ቁጥር የሚነገር። ከማቴዎስ 25 የመጣ ነው። መብራታቸውን ይዘው ሙሽራውን ሊቀበሉ ከወጡት አሥር ደናግል መካከል ዘይት የያዙት አምስቱ ናቸው ጠባባት። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ልባሞች» ይላቸዋል። ልብ ካሉ፣ በዚያ ምሳሌ አሥሩም ደናግል ናቸው። የለያቸው ድንግልናቸው አይደለም፤ ዘይቱ ነው። የገዳሙን ስም ያወጣው ሰው ይህን አስቦበታል።

አሁን ወደ «ምኔት» ልምጣ። እዚህ ላይ አጎትዎን በግልጽ አርማለሁ።

«መነነ» ናቀ፣ ተወ ማለት ነው። ከሱ «ምናኔ»፣ «መናኝ»፣ «መመነን» ይወጣል። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ፊደሎቹን ይቁጠሩ። መ፣ ነ፣ ነ። «ምናኔ» ውስጥ ሁለቱም «ነ» ቦታቸው ላይ አሉ። «ምኔት» ውስጥ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ድምፁ ይመሳሰላል፣ ትርጉሙም ለገዳም የሚስማማ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚያያይዘው። ቃሉ ግን ከግሪክኛው «ሞኔ» የመጣ ነው። ሞኔ መኖሪያ፣ ማደሪያ ማለት ነው፤ በኋላ የመነኮሳት መኖሪያ መጠሪያ ሆነ። ያወጣው ግስ ደግሞ «መቆየት፣ ጸንቶ መኖር» ማለት ነው። ዮሐንስ 14፥2 ላይ «በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» የሚለው በግሪክኛው ይህንኑ ሞኔን ነው የሚጠቀመው።

«መነኩሴ» የሚለውም ከግሪክኛ ነው፤ ከ«ሞናኮስ»። ግን ሥሩ ሌላ ነው። እሱ «ሞኖስ» ከሚለው ይወለዳል፤ ብቻውን የሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ወንድማማች ይመስላሉ፤ አይደሉም። አንዱ ብቻ መሆን ነው። ሌላው መቆየት ነው። አያትዎ በግል ስማቸው መነኩሲት ነበሩ፤ ብቻቸውን ለአምላክ የቆሙ። ይኖሩ የነበረው ግን ምኔት ውስጥ ነው፤ ከእህቶች ጋር ጸንተው። «እመ ምኔት» እንግዲህ የዚያ መኖሪያ እናት ናቸው። የወንዶቹ «አበ ምኔት» ይባላሉ። አደራዎን «እመ እምነት» ብለው እንዳይጽፉት። ከሰው አፍ ብቻ ሰምተው የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ፍጹም ሌላ ቃል ነው።

«ገዳም» የሚለውንም አልጠየቁኝም፤ ግን ታሪኩ ላይ ስለሚጽፉት በአጭሩ ልንገርዎ። በግዕዝ ገዳም ማለት ዱር፣ ሜዳ፣ ምድረ በዳ ነው። «ቃለ ዓዋዲ ዘይሰብክ በገዳም» ሲል በምድረ በዳ የሚሰብክ ሰው ድምፅ ማለቱ ነው። «ጽጌ ገዳም» የሜዳ አበባ ነው። መነኮሳቱ ወደ ዱር ስለሄዱ የሄዱበት ቦታ የቤታቸው ስም ሆነ። «ደብር» ደግሞ ተራራ ነው። ደብረ ሲናን፣ ደብረ ታቦርን ያስቡ። ከተማ መሀል ደጃፉ ላይ «ገዳም» ተብሎ የተጻፈበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የመነኮሳት ማኅበር አለበት ማለት አይደለም፤ ለክብር የተሰጠ ማዕረግ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደብረ ሊባኖስ ስሙ «ደብር» ቢልም የመነኮሳት ገዳም ነው። አንዲት እማሆይም የሴቶች ብቻ ባልሆነ ገዳም ልትኖር ትችላለች። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም ነው የኖሩት፤ እዚያ መነኮሳትም መነኮሳይያትም አሉ። ስለዚህ የአያትዎ ገዳም የሴቶች ብቻ ከነበረ «የሴቶች ገዳም» ብለው በግልጽ ይጻፉ። «ገዳም» ብቻውን ያንን አይነግርም።

ገዳሙ የአንድነት ይሁን የቁሪት ደግሞ ይጠይቁ። በአንድነት ገዳም ንብረቱ የማኅበሩ ነው፤ ሥራውም ማዕዱም የጋራ። በቁሪት ግን እያንዳንዷ በየበዓቷ፣ ማለትም በየግል ማደሪያዋ፣ የራሷን ድርሻ ይዛ ትኖራለች። የአያትዎን የዕለት ኑሮ ለመግለጽ ከፈለጉ ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ከእህቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ» ብለው ጽፈው ገዳሙ ቁሪት ከሆነ፣ የሚያውቁት እናቶች ቅር ይላቸዋል።

ለእንግሊዝኛው «ኮንቬንት» የሚለው ይበቃል። መሠረቱ ላቲን ነው፤ አብሮ መሰብሰብ ማለት ነው። ከእኛ «ማኅበር» ጋር ይቀራረባል፤ ማኅበርም ከ«ኀበረ»፣ አንድ ሆነ፣ የወጣ ነውና። መነኩሲትን የሚጠሩበት «ነን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ለአረጋዊት ሴት በክብር ይነገር ከነበረ የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ የእኛን «እማሆይ» ያስታውሰኛል። ችግሩ አንድ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ኮንቬንት ሲባል የሚታየው በካቶሊክ ሥርዓት ያሉ ሲስተሮች ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሴቶች ገዳም መሆኑን አብረው ይግለጹ። ስሙን አይተርጉሙት፤ እንዳለ ይጻፉትና ትርጉሙን አንድ ጊዜ ከጎኑ ያስረዱ። በነገራችን ላይ የአገራችን ካቶሊኮችም እህቶቻቸውን «ደናግል» ይላሉ። ቃሉ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም።

ሲጽፉ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። «ደናግላን»፣ «ደናግሎች»፣ «ገዳማቶች» አይበሉ፤ ደናግልና ገዳማት ራሳቸው ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ «በድንግልና ኖሩ» የሚል ሐረግ አያስገቡ። እዚህ ላይ አጎትዎ ትክክል ናቸው፤ ያ ስለ ሰውዬዋ የሚናገር ነው፣ ከስድስት ልጆች ጋርም አይሄድም። ልጆቹንም አይደብቁ። አንዳንድ ቤተሰብ የመነኮሰች እናትን ታሪክ ሲጽፍ ትዳሯን በአንድ መስመር ይዘላል፤ እንደ እንቅፋት ያየዋል። ያሳዝነኛል። ሦስተኛ፣ ሌላ ዘመድ ወደዚያው ገዳም መግባት ብትፈልግ ከስሙ ተነስታ «መበለት ይቀበላሉ» ወይም «አይቀበሉም» ብላ እንዳትወስን ይንገሯት። እያንዳንዱ ገዳም የራሱ ሥርዓት አለው። የሚጠየቁት እመ ምኔቷ ናቸው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ስድስት ልጆች ወልደው ካሳደጉና ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ በፈቃዳቸው መንኩሰው፣ የደናግል ቤት ማለት በሆነው በዚህ የሴቶች ገዳም፣ በእመ ምኔቷና በእህቶቻቸው መካከል በጾምና በጸሎት ኖሩ።» ከፊቱ የገዳሙን ሙሉ ስም፣ ከሳቸውም ስም በፊት «እማሆይ» የሚለውን ያስገቡ። ሲመነኩሱ የተሰጣቸው ስም ከዓለም ስማቸው የተለየ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉ። የምንኩስና ስማቸውንና ቆብ የደፉበትን ዓመተ ምሕረት እመ ምኔቷን ጠይቀው ያረጋግጡ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ደግሞ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ለአጎትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።